አብራሪው ጠባዩን ያላወቀው ሎሌ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው አይሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ማዶ የተሰማው ምን ነበር? አብራሪዎቹ ትምህርት ጎድሏቸው ነው የሚል! እኛ ተማሪዎች ይህን ሰምተን ዝም ልንል አይገባንም። ነገሩ ሐዘናችን ብቻ ሳይሆን ትምህርታችንም ነውና።

ኤምካስ የሚሉት መሣሪያ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው በገዛ ራሱ ወደ ታች ይደፋዋል። የሚያምነውም አንዱን ጠቋሚ ብቻ ነበር። በዚያን ዕለት የግራው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር። መሣሪያው ውሸተኛውን አምኖ ደፋ፤ ቢያቀኑትም ደግሞ ደፋ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ የወጣው ማስታወቂያ «ኤሌክትሪኩን ቍረጡ» ይላል። የኛዎቹም ቈረጡ! በእጅ ለማቅናት ቢሞክሩ ግን አልሆነላቸውም፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ መሣሪያው እንደ ገና ደፋው።

የሞተሩ ኃይል አልተቀነሰም የሚለው ነቀፋ እውነት ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ራሱ በመስከረም 2012 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ አምራቹ የአብራሪውን አድራጎት ሲገምት ብዙ ማስጠንቀቂያ ባንድ ጊዜ ሲጮኽ ሰው ምን እንደሚሆን አላሰበበትም።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? ይቻላል። ጆን ረሽቢ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የመሣሪያውን ሥራ በአንድ በኩል፣ አብራሪው «እንዲህ ይሠራል» ብሎ የሚያስበውን በሌላ በኩል ጽፎ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን በሚቻለው መንገድ ሁሉ አብሮ እንዲያስኬዳቸው አደረገ። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ አደጋው ያደፈጠበት ነው። በኤምዲ-88 አይሮፕላን አብራሪው በወሰነው ከፍታ ላይ ይቆማል ሲል ማሽኑ መውጣቱን የሚቀጥልበት መንገድ በዚሁ ዘዴ ተገኝቷል።

ከደባርቅ ወደ ጊች ጭነት የሚያወጣ ሰው በቅሎዪቱ ጆሮዋን ስትቀስር ገደል አፍ ላይ ሳትደርስ ልጓሟን ይይዛል። ማሽን ጆሮ የለውም፤ ጠባዩን በወረቀት ላይ መፈለግ ግድ ነው።

እኛ ግን በየቤተ ሙከራው የምንጠየቀው «መሣሪያው ይሠራል ወይ?» ተብለን ብቻ ነው። «የሚይዘው ሰው ምን እየሠራ ይመስለዋል?» ብሎ የጠየቀን መምህር እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ስለዚህ ከሚመጣው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ማንኛውም የምህንድስና መመረቂያ ሥራ ይህችን ሁለተኛዋን ሠንጠረዥ አያይዞ እንዲቀርብ መምህራኖቻችንን እንጠይቃለን። መልሳቸውንም በዚሁ ጋዜጣ ለማተም ዝግጁ ነን።