ወገብ ሲታመም «ተኛ» ማለት ይብቃን

ነቀምቴ ከተማ ውስጥ «ወገቤን!» ብላችሁ ብታማርሩ ሦስት መልስ አታጡም። አንደኛው «ተኛ፣ አትነቃነቅ» ነው። ሁለተኛው «መርፌ ተወጋ» ነው፤ ዲክሎፌናክ ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ከፋርማሲ የሚገዛው ሰፊ የወገብ ቀበቶ ነው። ከነቀምቴ ወጥታችሁ ኑኑ ቁምባ ብትገቡም መልሱ ያው ነው፤ የሚለየው ለመርፌው የሚኬደው መንገድ መርዘሙ ብቻ ነው። ሰው ለሰው አዝኖ የሚሰጠው ምክር ስለሆነ ለመቃወም ይከብዳል። ሕመሙ ወራትና ዓመታት የቆየበትን ሰው ግን ይሄ ምክር እየጎዳው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ከሦስት ወር በላይ ስለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። በድርጅቱ ቁጥር መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን ያመው ነበር፤ ከ13 ሰው አንዱ ማለት ነው። መመሪያው ከሚደግፋቸው ነገሮች መካከል የአካል እንቅስቃሴ፣ ማሳጅ፣ ስለ ሕመሙ በደንብ ማስረዳት እና የሥነ ልቦና ድጋፍ ይገኙበታል። አይመከርም ካላቸው ውስጥ ደግሞ ያ የወገብ ቀበቶ አለበት። ዲክሎፌናክ ያለበትን የመድኃኒት ቤተሰብ አልከለከለም፤ ሊጠቅም ይችላል ነው የሚለው። ታዲያ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን መሆኑ ቀርቶ ባመመን ቁጥር ያለ ሐኪም የምንወጋው ሲሆን፣ ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል።

መንቀሳቀስ ለምን ይጠቅማል? ሕመምን እንደ ግቢ ውሻ አስቡት። ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፤ ሥራው ነው። ጡንቻ ሲላላጥ ወይም አጥንት ሲሰበር የሚሰማን ሕመም እንዲህ ነው። ለወራት የቆየ ሕመም ላይ ግን ብዙ ጊዜ የውሻው ጠባይ ተለውጧል። ሌባው ከሄደ ቆይቷል፣ እሱ ግን የቤቱ ልጅ በር ሲከፍትም ይጮሃል። ነርቮቻችን ከልክ በላይ ንቁ ሆነዋል ማለት ነው። ሕመሙ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጩኸቱ እውነተኛ ጩኸት ነው፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ባመመን ቁጥር «አሁን አንድ ነገር ተበጠሰ» ማለት አይደለም። ይሄን ያልተረዳ ሰው ይተኛል። ሲተኛ ጡንቻው ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰርም ያመዋል። ውሻውን የሚያለምደው የቤቱ ልጅ ቀስ እያለ፣ በየቀኑ፣ በዚያው በር መግባቱ ነው።

ዮጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ወደ ሃይማኖት ይሄዳል። ወለጋ መካነ ኢየሱስ ሥር የሰደደችበት አገር ነው፤ «የሌላ እምነት አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእሷም፣ ከኦርቶዶክሱም፣ ከመስጊዱም ይነሳል። ጥያቄው የጅል ጥያቄ አይደለም። ዮጋ ከሂንዱ ሃይማኖት ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው፤ አንዳንዱ መምህርም ዜማና ጸሎቱን ጨምሮ ያስተምራል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ማፍታታቱንና አተነፋፈሱን ውሰዱ፣ ዜማውን ተዉት፤ ስሙም ከከበዳችሁ «ሰውነት ማፍታታት» በሉት። (በነገራችን ላይ ቃሉ በሳንስክሪት «መጥመድ» ከሚል ሥር የመጣ ነው፣ የቀንበር ዘመድ ነው። በሬ ጠምዶ ለሚያርስ አገር ያን ያህል ባዕድ አይደለም።)

ሌላው ነገር ዮጋ የቦሌ ልጆችና የፈረንጅ መዝናኛ ተደርጎ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የቦስተን ጥናት ግን 320 የወገብ ሕመምተኞችን ነበር የያዘው፤ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። ለ12 ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ ዮጋ እየተማሩ ቤታቸው የተለማመዱት ሰዎች ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ከተመላለሱት ያነሰ ውጤት አላመጡም። ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ ግን አናጋንነው። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የዮጋ ጥቅም መጠነኛ ነው፤ ከሌሎች የወገብ እንቅስቃሴዎች ጋር ሲነፃፀርም ብዙም አይበልጥም። «በ7 ቀን ዲስክ ተንሸራቶ ነበር፣ ዳነ» የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ካያችሁ እለፉት። በእግር መሄድም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የወገብ ሕመም ለቆ ከተሻላቸው 701 ሰዎች መካከል ደረጃ በደረጃ መራመድ የጀመሩት ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ ወደ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ያልጀመሩት 112 ቀን ገደማ መቆየታቸውን አሳይቷል። እግር ደግሞ ኑኑ ቁምባም አለ፣ ክፍያ የለውም።

እሺ፣ እንዴት ይጀመራል? አስተማሪ የለም፣ ምንጣፉም የለም። ሰሌን ወይም የታጠፈ ጋቢ ይበቃል። እኔም ከወገቤ ጋር ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ስልኬ ላይ መጀመሪያ የመጣልኝ ቪዲዮ እግሯን ማጅራቷ ላይ የሰቀለች ልጅ ነበረች። እንዲህ ዓይነቱን ዝለሉት። ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል። በእጅና በጉልበት ቆሞ ጀርባን እንደ ድመት ወደ ላይ ማጉበጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማስረግ። ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ግንባርን ወደ መሬት ማድረስ፤ መስገድ ለለመደ ሰው ይሄኛው አዲስ አይሆንበትም። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት። ትንፋሽ ሲወጣ ሲገባ ከነበረው ረዘም ይበል። በቃ።

ዋናው ችግር እንቅስቃሴው ላይ አይደለም፣ ልኩ ላይ ነው። ደህና በሆንበት ቀን ያመለጠንን ሁሉ እናካክሳለን፤ ልብስ እናጥባለን፣ ኳስ እንጫወታለን፣ በማግስቱ አልጋ ላይ እንውላለን። «ይኸው፣ ስፖርቱ ጎዳኝ» ይባላል። ስለዚህ መጠኑን ስሜታችሁ ሳይሆን ሰዓት ይወስነው። አምስት ደቂቃ ካላችሁ በደህናው ቀንም አምስት፣ በመጥፎውም ቀን አምስት፤ ከሳምንት በኋላ ስድስት። ስትሠሩ ትንሽ ቢያማችሁና ማታ ቢረግብ ችግር የለውም። እስከ ማግስቱ ከቆየ ቀንሱት። ቪዲዮ የምትከተሉ ከሆነ ደግሞ አውርዱት። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የምታስታውሱ ለምን እንደምል ታውቃላችሁ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ኑኑ ቁምባ ያለች እናት ጠዋት 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ከሰዓት እንጨት ለቅማ፣ በቡና ወቅት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ውላ «ወገቤን» ብትል፣ «እንቅስቃሴ አድርጊ» ይባላል? ፌዝ ነው የሚመስለው። እሷ የጎደላት መንቀሳቀስ አይደለም። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ሸክም ሰውነትን በአንድ በኩል፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምርጫ ይጫናል። ለእሷ የመጀመሪያው መድኃኒት ዮጋ ሳይሆን ጀሪካኑን የሚቀበላት ሰው ነው። ይሄን ጽሑፍ በስልክ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወጣቶች ናችሁ፤ ቤት ውስጥ ውኃ መቅዳት «የሴት ሥራ» ተብሎ የተተወላችሁ ወንዶችም አላችሁ። ሸክሙ ሲቀንስ ነው አምስቱ ደቂቃ ማፍታታት ትርጉም የሚኖረው። ያኔም ቢሆን ከሥራ በኋላ፣ ጀርባ ሲደነድን፣ ደህና ያደርጋል።

ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ለገጠር ሰው አይሆንም የሚል ካለ ደግሞ ዝሆኔን ይመልከት። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣው ይሄ የእግር እብጠት ወለጋን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ደጋዎች አለ፤ እየደጋገመ በትኩሳትና በከባድ ሕመም ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። ከአባይ ማዶ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። የተሰጣቸው ነገር ተራ ነው፦ እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ፣ እንዲሁም የእግር እንቅስቃሴ። ያን ያደረጉት ሰዎች ሕመሙ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀነሰ። የቀነሰው በእንቅስቃሴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቅሉ ግን ገበሬ ቤት ውስጥ ተሠርቷል፣ በየቀኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። የወገብ ሕመም ሁሉ የሚፍታታ አይደለም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በእግሮቻችሁ መሐል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም እንቅስቃሴ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ቲቢ አከርካሪ ላይም ይወጣል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከከብት ወደ ሰው መጥቶ ወገብ ያሳምማል። ወጌሻ ዘንድ መሄድም ከዚህ በኋላ ነው።

ይሄን ሁሉ ጋዜጣ ላይ ከማንበብ ይልቅ ሰው ከጤና ኬላው ቢሰማው ይሻል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ክትባት ቤት ለቤት ሲያስተምሩ 20 ዓመት አልፏቸዋል፤ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ አውቃለሁ። ግን «አትተኛ፣ ቀስ ብለህ ተንቀሳቀስ፣ ቀበቶውን አትግዛ» ለማለት የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚማሩ ልጆችም አሉት። እነሱ በአፋን ኦሮሞ አሥር ደቂቃ የሚሆን፣ በአካባቢው ሰው፣ በአካባቢው ቤት ውስጥ የተቀረፀ ቪዲዮ ቢሠሩ፣ መጠኑም አሥር ሜጋ ባይት ባያልፍ፣ በቴሌግራም ኑኑ ቁምባ ድረስ ይገባል። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ በብሉቱዝ።