ሕፃኑ ሳይመጣ ውሻው ይዘጋጅ

ነፍሰ ጡሯ ወደ መውለጃዋ ስትቃረብ ቤቱ ሥራ ይበዛበታል። የገንፎው እህል ይፈጫል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ ይታጠፋል፣ አራሷን የምትንከባከብ እናት ወይም አክስት ከክፍለ ሀገር ትጠራለች። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል በግቢው ጥግ የታሰረውን ውሻ የሚያስታውስ ብዙም የለም። የሚታወሰው ሕፃኑ ቤት ከገባ በኋላ፣ ውሻው አንድ ነገር ሲያደርግ ወይም ያደርጋል ተብሎ ሲፈራ ነው። ያኔ የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ ቀንና ሌሊት ይታሰራል፣ ወይ በመኪና ተጭኖ ራቅ ያለ ሰፈር ይጣላል።

የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው። ሁለቱም እርምጃዎች ስሕተት ናቸው። ውሻ ያለው ቤተሰብ ልጅ ሲጠብቅ ውሻውን የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ ጊዜውም የእርግዝናው ወራት ነው። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሕፃኑ ላይ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ቤተሰቡ እንጂ ውሻው አይደለም።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ውሻ የሚያሳድግ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ቤት አይገባም። ስለዚህ ብዙዎች «ውሻውና ሕፃኑ የት ይገናኛሉ?» ብለው ይዘናጋሉ። የሚገናኙት ደጅ ነው፤ ያውም ቶሎ። አራሷ ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ ልታሞቀው ትወጣለች። ምንጣፍ አንጥፋ ወይም ዱካ ላይ ተቀምጣ ልብሱን ታወልቃለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ እጅና እግሩን ታፍታታለች። ሕፃኑ ያለቅሳል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሰንሰለቱን ወጥሮ የቆመው ውሻ ይህን ሁሉ ያያል፣ ይሰማል፣ ያሸታል። የሚያየው ሰው መሆኑን ገና አልለየም፤ ቀጭን ድምፅ የሚያሰማ፣ የሚንፈራገጥ፣ ቅባት ቅባት የሚሸት አዲስ ነገር ነው። ጆሮውን ቀስሮ፣ አፉን ገጥሞ፣ ዐይኑን ሳይነቅል የሚመለከት ውሻ ስላልጮኸ ብቻ ተረጋግቷል ማለት አይደለም።

በዚያ ላይ የአራስ ቤት ለውሻ ከባድ ነው። በወትሮው አልፎ አልፎ የሚከፈት በር ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። እንግዳ ሲመጣ እንዲጮህ የተፈለገ ውሻ አሁን በጮኸ ቁጥር «ሕፃኑን ቀሰቀስክ» ተብሎ ይመታል። ምግቡን ትሰጠው የነበረችው እናትየው ከሆነች ድንገት ትጠፋበታለች። ማታም ዘመድ ስለሚያድር አይፈታም። ይህ እየተደራረበ ሲሄድ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመና በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱና ያልነከሱ ውሾችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ውሾች ከነካሾቹ ወገን የመገኘት ዕድላቸው ከማይታሰሩት ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ነካሾቹ ልጆች ባሉበት ቤት የሚኖሩ ሆነው የመገኘታቸው ዕድልም ከፍ ያለ ነበር። የታሰረ ውሻ የፈራውን ነገር ሸሽቶ መራቅ አይችልም፤ የሚቀረው ጥርሱ ነው። ለሕፃኑ ደኅንነት ተብሎ የሚያጥር ሰንሰለት ሕፃኑን የበለጠ አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከእንስሳት ሐኪም። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው መነሻቸው ውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ማስቆም የሚቻለው አስቀድሞ በክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። ክትባቱ ያለፈበት ውሻ ካለ ሕፃኑ ከመወለዱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይከተብ፤ መከላከያው በሰውነቱ እስኪዳብር ሳምንታት ይወስዳል። የውሻው የክትባት ወረቀትም ነገ ከሕፃኑ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ትሉን ነው። የውሻ ወስፋት እንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ሰው ላይ በሽታ የማምጣት አቅም ያገኛል፤ ከዚያም ለወራት፣ አልፎ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ የታቀፈው ሕፃን ከመንፈቅ በኋላ በዚያው አፈር ላይ ይድሃል፣ ያገኘውንም ወደ አፉ ይከታል። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ አይወጣም፤ እጩ በጉበት፣ በሳንባ፣ አንዳንዴም በዐይን ውስጥ ይንከራተታል።

ከዚህ የሚብስም አለ። በግ ወይም ከብት ሲታረድ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይተን «ይህ አይበላም» ብለን እንጥላለን። የሚወረወረው ለውሻው ነው። ውሻው ያንን ጥሬውን ሲበላ እብጠቱ ውስጥ ያለው ነገር በአንጀቱ ውስጥ በጣም ትንንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በተራው ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ተመሳሳይ እብጠት ሆኖ ዓመታት እየፈጀ ያድጋል፣ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ልጅ በተወለደበት ቤት ደግሞ በግ የሚታረደው መቼ እንደሆነ እናውቃለን፤ ለአራሷ ጥሪ፣ ለክርስትናው፣ ለአቂቃው። በእነዚያ የደስታ ቀናት ውሻውን የበሽታ ተሸካሚ ማድረግ አይገባም። የተበላሸው ጉበትና ሳንባ በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻው የሚሰጠው ሆድ ዕቃ በደንብ ይቀቀል። የትል መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ ይሰጠው፤ ለኮሶ ትሉ የሚሆነው ፕራዚኳንቴል በውስጡ መኖሩን ሐኪሙን መጠየቅ ነው። የግቢው የውሻ ዐይነ ምድርም በየቀኑ ይነሣ፤ ትኩሱ ሲነሣ የወስፋቱ እንቁላል ገና ጉዳት የማድረስ አቅም አላገኘም።

ቀጥሎ ማለማመድ ይመጣል፤ ለዚህ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም። ሕፃኑ ሲመጣ ውሻው ላይ የሚቀየር ነገር ሁሉ ከወራት በፊት ይቀየር። ምግቡን የምትሰጠው ነፍሰ ጡሯ ከሆነች ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ሌላ ሰው ይረከባት። የሚታሰርበት ቦታ ፀሐይ ከሚሞቅበት ደጅ ፊት ለፊት ከሆነ አሁኑኑ ወደ ጓሮ ይዛወር፤ ሕፃኑ ከመጣ በኋላ የተገፋ ውሻ መገፋቱን ከሕፃኑ ጋር ያያይዘዋል። አቅም ያለው በሰንሰለት ፈንታ ወዲያ ወዲህ የሚልበት፣ በሽቦ ወይም በእንጨት የታጠረ ማቆያ ይሥራለት። በገመድ ተይዞ ሳይጎትት መሄድን፣ ተቀመጥ ሲሉት መቀመጥን ይልመድ።

ለቅሶውን ማስለመድም ይቻላል። በስልክ የተቀዳ የሕፃን ለቅሶ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይከፈትለት፤ እየሰማም የሚወደው ቁራሽ ይሰጠው። ካልተረበሸ በማግሥቱ ድምፁ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ከተረበሸ ይቀነስ። አንድ ቀን ለቅሶውን ሰምቶ አንገቱን ቀና ያደርግና መልሶ ይተኛል። ያን ጊዜ ልምምዱ ሠርቷል።

እናትየው ከሐኪም ቤት ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑ ተጠቅልሎበት የነበረ ጨርቅ ወደ ቤት ይምጣና ውሻው ከሚያምነው ሰው እጅ ላይ ያሽትተው። የመግቢያዋ ዕለት በእልልታና በሰው ግርግር ውስጥ ማስተዋወቅ አይታሰብም፤ ውሻው ጓሮ ይሁን። እናትየው ስትበረታ መጀመሪያ ያለ ሕፃኑ ሄዳ ታነጋግረው፤ ናፍቃዋለችና። ከቀናት በኋላ፣ ከበላና ከተንሸራሸረ ወዲያ፣ አንድ አዋቂ ውሻውን በገመድ ይዞ፣ ሌላው ሕፃኑን ታቅፎ በተቀመጠበት ከበርካታ እርምጃ ርቀት ይተያዩ። በቂ ነው። ሕፃኑን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት፣ ፊቱን ይላሰው ማለት፣ ለፎቶ ብሎ አጠገቡ ማስተኛት ለማንም አይጠቅምም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሕግ ለየትኛውም ውሻ አይላላም። ሕፃንና ውሻ ብቻቸውን አይተዉም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። «የእኛ ውሻ እኮ ገር ነው» የሚለውን እንሰማለን። ትንንሽ ልጆችን የሚነክሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ውሻ ነው፤ ቁስሉም የሚበዛው ፊት፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ ነው፤ የልጁ ፊት ከውሻው አፍ ትይዩ ነውና። የሰባት ዓመት ታላቅ ወንድም ጠባቂ ሊሆን አይችልም። ስልኩ ላይ ያቀረቀረ አዋቂም እንደዚያው። ጥንቃቄው የሚላላው ደግሞ ሕፃኑ «ጎበዝ» ሲሆን ነው፤ መዳህ ሲጀምር የውሻው ምግብ ዕቃ፣ አጥንቱና መኝታው ድረስ በራሱ ይሄዳል። ያኔ የሚያስፈልገው አጥር እንጂ ምክር አይደለም።

የሚያጉረመርምን ውሻ መምታትም ይቅር። ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል፤ ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ፊቱን አዙሮ የዐይኑን ነጭ ያሳያል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ከዚያ ያጉረመርማል። በዱላ ማጉረምረሙን ያስተዉት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ወደ መንከስ ሊያልፍ ይችላል። ሲያጉረመርም ሕፃኑን ማራቅና ምን እንዳስፈራው መፈለግ ነው። ከዚህ በፊት ሰው የነከሰ ወይም ልምምዱ ያላረጋጋው ውሻ ካለ ደግሞ እውነቱን መቀበል ይገባል። የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ አብሮ መኖር አይችልም ከተባለም ጠባዩን ሳይደብቁ፣ ትንሽ ልጅ ለሌለበትና ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው ከክትባት ወረቀቱ ጋር ይሰጥ። መንገድ ላይ የሚጣል ውሻ ግን ክትባቱ አይደገምም፣ ከባዘኑት ጋር ይደባለቃል፣ በመጨረሻም የሚነክሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ይህን ድርጊት በጎረቤት ላይ የሚፈጸም በደል አድርገን እናየዋለን።

በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በአውሮፓ ከተሞች በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ውሻው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ አንዳንዴም መኝታ ቤት ይገባል። ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ይህን ስታይ ትደነግጣለች፤ «ይህ ውሻ ከቤት ካልወጣ» ትላለች፤ ባልና ሚስቱም ይጨነቃሉ። የእናትየው ፍርሃት በእብድ ውሻ የሞተ ሰው ሲወራ በሰማችበት አገር የበቀለ ነውና ሊናቅ አይገባም። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት በስልክ ይነገራት፤ የሕፃኑ ክፍል ለውሻው ዝግ መሆኑ፣ ክትባቱ የተሟላ መሆኑ ይገለጽላት። እርሷም ውሻ ሁሉ ለሕፃን መርዝ አለመሆኑን ብታውቅ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 397 ሕፃናትን በመጀመሪያ ዓመታቸው ተከታትሎ፣ ውሻ ባለበት ቤት ያሉት በጉንፋን መሰል ሕመምና በጆሮ ኢንፌክሽን የመያዛቸው ነገር አነስ ያለ፣ አንቲባዮቲክም የወሰዱት ባነሰ ጊዜ ሆኖ አግኝቷል። ልዩነቱ ይበልጥ የታየውም ውሻው አብዛኛውን ቀን ደጅ በሚውልበት ቤት ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሻ ቢቧጭር ወይም ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሕፃኑም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ቤተሰብ ክትባቱን ካስጀመረ በኋላ ይሂድ።

ኃላፊነቱን ለቤተሰብ ብቻ ጥለን ግን አንሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ በሩን ሲያንኳኩ መጀመሪያ የሚቀበላቸው ብዙ ጊዜ ውሻው ነው። የጤና ቢሮዎችና የእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ እንጠይቃለን። በነፍሰ ጡር ክትትል ካርድ ላይም ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ በግቢያችሁ ውሻ አለ ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበውስ መቼ ነው? ሁለተኛው መልስ ካጣ ባለሙያዋ እናቲቱን ወደ ቅርቡ የእንስሳት ክሊኒክ የሚመራ ወረቀት ጽፋ ትስጣት።