የእግርን እንጂ የደምን ነገር አያውቅም

በርካሽ የሚሸጠውን፣ እጅ ላይ የሚታሰረውን የእርምጃ መቁጠሪያ አምባር ለወዳጆቼ ሁሉ ግዙ እላለሁ። ግዙ የምለው ግን ለአንድ ሥራው ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደምንራመድ እንዲነግረን። ከዚያ ያለፈውን ወሬውን በጥርጣሬ መስማት፣ አንዳንዱንም ጨርሶ አለመስማት ይገባል።

ይህ ዕቃ በብዙ ሰው አቅም ውስጥ የገባው ሻዎሚ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚ ባንድን በ79 ዩዋን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። የያኔው አምባር ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ ሦስት ትንንሽ መብራቶች ብቻ ነበሩት። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ቀላል ስለሆኑ እጅ ላይ መኖራቸው ይረሳል። አንዴ ቻርጅ ከተደረጉ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው ውስጡ ባለች የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። እጃችን በእርምጃችን ልክ ሲወዛወዝ ሴንሰሯ ያንን ምት ይዛ ትቆጥራለች። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ እጁን ለቆ ለሚሄድ ሰው ውጤቱ እምነት የሚጣልበት ነው። ልጅ አዝላ እጇን ወደኋላ ያጣመረች እናት ግን ያንኑ መንገድ ሄዳ ከእርምጃዋ ብዙው ሳይቆጠርላት ሊቀር ይችላል። ጋሪ የሚገፋውም እንደዚያው። ብዙዎቹ አምባሮች ደግሞ ተከታታይ እርምጃ ካላገኙ መቁጠር ስለማይጀምሩ፣ ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ግቢ ስትመላለስ የዋለች ሴት ድካሟ በቁጥሩ ውስጥ አይታይም። በአንጻሩ ልብስ የሚያጥብ ሰው ቁጭ ባለበት እርምጃ ሊመዘገብለት ይችላል። ቅዳሴ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመን ምዕመን «ብዙ ተቀምጠሃል፣ ተነሣ» እያለ የሚነዝረውም ይኸው አምባር ነው። በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደውን ስግደት ሁሉ እንደ ድካም አያውቀውም። ዕቃው የተሠራው ቢሮ ውሎ ማታ ለሚሮጥ ሰው ነው፤ የእኛን የቤትና የአምልኮ ድካም እንዲያውቅ ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለባት የቤት እመቤት ሰነፍ ነኝ ብላ እንዳታዝን እለምናለሁ።

እንዲህም ሆኖ የእርምጃ ቆጠራው ይጠቅማል። ከቤት ታክሲ፣ ከታክሲ ቢሮ፣ ከቢሮ ወንበር የሚውል ሰው ማታ ሲደክመው ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ የዋለ ይመስለዋል። አምባሩ 2,500 እርምጃ ብቻ ሲያሳየው ድካሙ የእግር ሳይሆን የጭንቀትና የመቀመጥ መሆኑን ይረዳል። ይህን ያየ ሰው ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የተሠሩትን የእግረኛ መንገዶችም ይሄድባቸዋል። ቁጥሩ በመቶዎች ቢሳሳት እንኳ ዛሬን ከትናንት ጋር ለማነጻጸር ይበቃል፤ የሚሳሳተው በየቀኑ በተመሳሳይ መንገድ ነውና።

10,000 እርምጃ ያልሞላ ሰው ግን አይጨነቅ። ይህ ግብ የመጣው ከሕክምና ምርምር ሳይሆን፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ካወጣው የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ወደ 17 ሺህ በሚጠጉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት በሆነ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቁሟል። ለእናቶቻችን የሚነገር መልካም ዜና ይህ ነው።

የካሎሪውን ቁጥር አትመኑት። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ በካሎሪ ረገድ የተሻለው እንኳ በ27 በመቶ፣ የከፋው በ93 በመቶ ስቶ አግኝተውታል። የልብ ምት ላይ ግን አብዛኞቹ ደኅና ነበሩ። አምባሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳችን ልኮ የሚመለሰውን በማየት ነው ምቱን የሚገምተው። ዐርፈን ስንቀመጥ ይሳካለታል፤ ስንሮጥና ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል።

የኦክሲጅን መጠን ሲነግረን ደግሞ እኛ ጥቁሮች በተለይ መጠንቀቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሆስፒታል ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ እንኳ የጥቁር ሕሙማንን የኦክሲጅን እጥረት ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። የሆስፒታሉ እንዲህ ከሆነ ከርካሹ አምባር ምን እንጠብቃለን?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን የደም ስኳርና የደም ግፊት «እለካለሁ» የሚለው ርካሽ ሰዓት ነው። የሰፈራችን አንድ አዛውንት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር በላቧ ሠርታ እንዲህ ያለ ሰዓት ላከችላቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጣትዎን ወግተው ለኩ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ይኸው ሳልወጋ ይነግረኝ የለ! ምን አደማኝ?»

ሰዓቱን ሲያሳዩኝ ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር። ልጅቷ የላከችው ፍቅሯን ነው፤ ዕቃው ግን ዋሽቷታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ ስኳርን በራሱ እንዲለካ ፈቃድ የሰጠው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። በሐሰት ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን ያበዛ ሰው ስኳሩ ወርዶ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ከርካሾቹ ሰዓቶች አንዳንዶቹ ሙዝ ላይ ቢታሰሩ እንኳ የልብ ምት ቁጥር ያሳያሉ፤ የብርሃኑን መመለስ ብቻ ነውና የሚያነቡት። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ የኢንሱሊን መጠን ይወሰናል?

ሻጮች ሆይ፣ «ስኳር ይለካል» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያችሁ አውጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ለታመመ ወላጅ ስትልኩ ጣት ተወግቶ የሚለካበትን መሣሪያና የደም መመርመሪያ ቁራጮቹን፣ ግፊት ላለበትም ክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ላኩ። አምባሩን ጨምራችሁ ብትልኩ ግን እርምጃ ብቻ እንደሚቆጥር ስልክ ደውላችሁ ንገሯቸው።