የታዘዘው ቫልቭ ተዘግቷልን?

በዛሬው ጊዜ የውሃና የእንፋሎት ቧንቧን በእጅ መክፈትና መዝጋት እየቀረ፥ ሥራው ለኤሌክትሪክ ሞተር መሰጠቱ የሚታወቅ ነው። ከነዚህም ሞተሮች አንዱ ስቴፐር የሚባለው ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ምት በደረሰው ቍጥር አንዲት እርምጃ ብቻ ይራመዳል። አንድ ዙር በ200 እርምጃ የሚፈጽመው ሞተር 50 ጊዜ በሚያዘገይ የጥርስ ጎማ ሲታገዝ የቫልቩን ዘንግ አንድ ጊዜ ለማዞር 10,000 እርምጃ ይፈጃል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል።

ነገር ግን ተቈጣጣሪው መሣሪያ የሚቈጥረው የላከውን ትእዛዝ ነው እንጂ የተፈጸመውን አይደለም። ጠጠር ቢገባበት ወይም ዝገት ቢይዘው፥ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቈጠራው ይቀጥላል፤ በሰሌዳውም ላይ «ተዘግቷል» ይላል።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ምን እንደሚያመጣ በመጋቢት 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በስሪ ማይል አይላንድ የአቶም ኃይል ማመንጫ ታይቷል። ቫልቩ የሌላ ዓይነት ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። መብራቱ ያመለከተው የመዝጊያው ትእዛዝ መላኩን ነበር፤ ቫልቩ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ውሃው ፈሰሰ፥ የማመንጫውም እምብርት በከፊል ቀለጠ።

እንግዲህ እኛ የምንለው፥ የግዢ ዝርዝር የሚመረምር ወጣት ሹም የሞተሩን ዋጋ ብቻ አይመልከት። እውነተኛውን ቦታ የሚያሳይ ጠቋሚ በቫልቩ ዘንግ ላይ መኖሩን ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ይጠይቅ፤ ጥርስ ጎማ ያለው ሞተር ኃይል ሲቋረጥበት ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማልና፥ ክፍት የነበረው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ያድራል።