«ወደፊት ትማሪዋለሽ»

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ስለ ኢንዛይም ሲያስተምር፣ እንደ ልማዳችን ጓጉንቸርና ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሳለ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ወንድሜ የሚውጠው የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን እሱን ትቶ ባክቴሪያውን እንዴት ለይቶ ያገኛል?» አለችው። «ወደፊት ትማሪዋለሽ» ብሎ አለፈ። እኛም ብንሆን ያንኑ ነበር የምንላት።

የጓጉንቸሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1894 ኤሚል ፊሸር ያመጣው ነው፤ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ የእኛ ነው። ትክክለኛውን ቁልፍ ብቻ ስለን እንወጣለን፤ አስመሳዩ ቁልፍ ሳይነሣ ይቀራል።

የነቀርሳውን ባክቴሪያ እንውሰድ። ሰውነታችን ብረትን በፕሮቲን አስሮ ስለሚይዝ ባክቴሪያው እንደ ልቡ አያገኝም። ስለዚህ ማይኮባክቲን የተባለ፣ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ውሁድ ይሠራል። የሥራው መነሻ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ያው የአስፕሪን ዘመድ። ኤምቢቲኤ የተባለው ኢንዛይም ይህን አሲድ በኤቲፒ ኃይል አዘጋጅቶ ወደሚቀጥለው ኢንዛይም ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በዚህ ሥራ መካከል የሚፈጠረውን ውሁድ የሚመስል፣ ማያያዣው ግን የማይላቀቅ አስመሳይ ሠርተው አቀረቡ። ኢንዛይሙ ያዘው፤ እንደያዘውም ቀረ። ብረት ባነሰበት ማብቀያ ውስጥ የባክቴሪያው እድገት በጥቂት መጠን ተገታ፤ ብረት በበዛበት ግን ብዙ እጥፍ አስፈለገ። ነገሩን የምታስረዳው ይህች ልዩነት ናት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ታዲያ «አስመሳይ ማለት ቀዳዳ የሚደፍን ነው፣ በቃ» ይላሉ። አንስማማም። ስዊድን አገር ዮርገን ሌማን በ1940ዎቹ ያስገኘው ፓስ የተባለ የነቀርሳ መድኃኒት አለ። ከሳሊሲሊክ አሲድ የሚለየው በአንድ አሚኖ ቡድን ብቻ ስለሆነ፣ የሚያሰናክለው የማይኮባክቲንን ሥራ ነው ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ጥናቶች ሌላ አሳዩ። ፓስ ፎሌት የተባለው ቪታሚን በሚሠራበት መስመር ይገባል፤ ኢንዛይሙም እንደ ደኅና ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ ይሠራበታል። የሚወጣው ምርት ግን ከፊት ያለውን ሥራ ያበላሻል። ቁልፉ በሩን ከፈተ እንጂ አልደፈነውም!

ልጅቷ የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር። ሰው ማይኮባክቲን አይሠራም፤ ፎሌትንም ከጎመንና ከባቄላ ያገኛል እንጂ ራሱ አይሠራም። አስመሳዩ የሚገባበት ያ ጓጉንቸር በእኛ ቤት የለም። (ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ፓስ ሆድ ማወኩ የታወቀ ነው። ወንድሟም የሚውጠው ሌላ ኪኒን ሊሆን ይችላል።)

«ጊዜ የለም፣ ፈተና ላይም አይመጣ» የሚሉን መምህራን አሉ። ከካርቶን ሦስት ቁልፍ ቆርጦ ለማሳየት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አንዱ የሚከፍት፣ አንዱ ገብቶ የሚቀር፣ አንዱ ከፍቶ የሚያበላሽ። በሚቀጥለው ልምምድ ይሞከር። ካርቶኑንና መቀሱን እኛ እናመጣለን።