ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

የዲፓርትመንታችን ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ንግግር ሳይሰማው አይቀርም። ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር በሥራ መሃል ቀጥ ይላል፣ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይልና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ተማሪው «ጋሼ፣ ይሄም አስቸገረ» ይላል። ጋሼም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ተወው በቃ፣ ነገ ፎርማት ይደረጋል፤ ሌላው ላይ ቁጭ በል» ይላሉ። በዚህ ያልቃል። እኔ ደግሞ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ነገሩ በዚህ አያልቅም ብዬ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር የሆነውን ላንሳ። በመስኮቱ በኩል ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ በአንድ ወር ውስጥ 3 ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ፎርማት በተደረገ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ተመልሶ ያው ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን 3ኛ ምዕራፍ ያስቀመጠችው ዴስክቶፕ ላይ ነው። «ፍላሽ ላይ ለምን አልያዘችውም?» የሚል ይኖራል። ይዛው ነበር፤ ፍላሹን ሾርትከት ቫይረስ ስላበላሸባት ነው ዴስክቶፕን ያመነችው። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ኮምፒውተሩ አዲስ ሆኖ፣ ሪሳይክል ቢን ብቻውን ተቀምጦ ጠበቃት። ረቂቁን ለማስረከብ የቀራት 16 ቀን ነበር። ይህ አንጀቴን በላው፤ ያናደደኝ ግን በዚያው ሳምንት ሐሙስ የሆነው ነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ክራሽ አደረገ። የልጅቷ ምዕራፍ የጠፋው ለምንም ነበር ማለት ነው።

ለምን ተመልሶ መጣ? ፎርማት የሚደረገው ሁልጊዜ ከአንድ ፍላሽ ስለሆነ ነዋ! በዚያ ፍላሽ ላይ ዊንዶውሱ አለ፣ ድራይቨሮቹ አሉ፣ ከዚያም የሁለት የተለያዩ ድርጅቶች አንቲቫይረሶች አሉ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት «አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል» በሚል እምነት ነው። እንግዲህ በሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ጠርሙስ ይዘን እየዞርን ነበር።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የወሰዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ተራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ዎርድ፣ ቢበላሽ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። ድራይቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከርነል ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከሲስተሙ የሚለየው አጥር የለም። የማይገባውን የሚሞሪ ቦታ ቢነካ ዊንዶውስ ያለው ምርጫ ሁሉንም ነገር ማቆም ነው። ሰማያዊው ስክሪን (በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥቁር ሆኗል) ሲስተሙ ፋይሎቻችን የባሰ እንዳይበላሹ ብሎ የሚወስደው እርምጃ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት ሪፖርት ከተደረጉት ክራሾች 85 በመቶው በድራይቨር የመጡ መሆናቸውን ጠቅሷል። ዛሬ ቁጥሩ ያው ነው እያልኩ አይደለም፤ ዊንዶውስ ብዙ ተሻሽሏል። ግን በመጀመሪያ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል።

አንቲቫይረስም ከዚህ አንጻር ሲታይ ድራይቨር ነው። አንድ ፋይል ሊከፈት ሲል መሃል ገብቶ የሚመረምር «ፊልተር» የሚባል ድራይቨር ከርነል ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለት አንቲቫይረስ ሲጫን አንዱ ፋይል ለመመርመር ሲከፍት ሌላው ያንኑ መክፈት ይይዘዋል፣ የዚህኛውን ደግሞ ያኛው። ወይ ማሽኑ እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ወይ ይቆለፋል፣ ወይ ክራሽ ያደርጋል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ያለው ዲፌንደር ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ብዙውን ጊዜ ራሱ ገለል ይላል፤ ችግር የሚመጣው ሁለት የውጭ አንቲቫይረሶች ሲገናኙ ነው። «አንዱን አንኢንስቶል አድርጌዋለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ፊልተሩ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ነው አምራቾቹ ለብቻው ማጽጃ ፕሮግራም የሚያወጡት።

ሐሙስ ዕለት ጋሼን ለምኜ የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድ አስገቡልኝ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» የሚባል ፎልደር አለ፤ እያንዳንዱ ክራሽ የራሱን ትንሽ ፋይል እዚያ ያስቀምጣል። 5 ፋይል አገኘሁ። በፍላሽ ወስጄ ማታ ላፕቶፔ ላይ ዊንዲበግ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም ከፈትኳቸው። ከ5ቱ 4ቱ የአንደኛውን አንቲቫይረስ ፊልተር በስሙ ጠሩት። በማግስቱ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኤፍ-ኤል-ቲ-ኤም-ሲ የሚለውን ትእዛዝ ስጽፍ የሁለቱም ድርጅቶች ፊልተሮች ተደርድረው ወጡ። አንደኛውን በራሱ ማጽጃ አስወጣነው። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ያ ኮምፒውተር አንድም ቀን ክራሽ አላደረገም። ሥራው በሙሉ ከሻይ ሰዓት ጋር 2 ሰዓት አልፈጀም፤ ፎርማቱ ድራይቨሩና ኦፊሱ ሲጨመር ከዚያ አያንስም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፣ ምክንያቱም አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ደምፕ ውስጥ ያዩትን ስም ሁሉ ወንጀለኛ ማድረግ ጀምረዋል። ደምፑ የሚጠራው ክራሹ ሲከሰት እየሠራ የነበረውን ነው። አንዱ ድራይቨር ሚሞሪ አበላሽቶ ከሄደ በኋላ ሌላው መጥቶ ሊወድቅበት ይችላል። በተለይ የዊንዶውስ የራሱ ከርነል ፋይል ስም ከወጣ «ዊንዶውሱ ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ያው ስም ደጋግሞ ከመጣ ተጠርጣሪ አገኘን ማለት ነው። በየክራሹ የስህተት ኮዱም ስሙም የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ራም፣ ሙቀት፣ ፓወር ሳፕላይ ይታይ፤ ካፒታሉን አቧራ እንደሞላው ትተን ድራይቨርን ብንወቅስ ፍትሐዊ አይደለም። መብራታችንም እንደምታውቁት ነው።

«ይህ የእኛ ላብ የድህነት ችግር ነው፣ ትልልቅ ድርጅቶች ጋ የለም» የሚሉ አሉ። እነሱን እ.ኤ.አ. ወደ ሐምሌ 19 ቀን 2024 እመልሳቸዋለሁ። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የጸጥታ ሶፍትዌር ኩባንያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ አንዲት የማሻሻያ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሏ የመጣችበት አሠራር 21 ግቤት ይጠብቅ ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው 20 ብቻ። ድራይቨሩ የሌለውን 21ኛ ሊያነብ ሲሞክር ከተፈቀደለት ሚሞሪ ወጣ፣ ዊንዶውስም ወደቀ። ኩባንያው ከ78 ደቂቃ በኋላ ፋይሏን ቢመልስም ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመትተው ነበር። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን ወደ 7,000 የሚጠጋ በረራ ሰርዟል። ድራይቨሩ ገና ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጫን ስለሆነ ብዙዎቹ ማሽኖች ተነስተው ይወድቁ፣ ተነስተው ይወድቁ ነበር። መፍትሔውስ? ሴፍ ሞድ ገብቶ አንዲት ፋይል መሰረዝ! ፎርማት አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ሰው በየማሽኑ እየሄደ ማድረግ ነበረበት፤ ዲስኩ በቢትሎከር ለተቆለፈበት ደግሞ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ፈልጎ ማስገባት። ቁልፉን መዝግቦ ያላስቀመጠ ምን እንዳጋጠመው ገምቱት።

ከዚያ 14 ዓመት በፊትም፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2010፣ የማካፊ አንቲቫይረስ ማሻሻያ ኤስ-ቪ-ሲ-ሆስት የተባለውን የዊንዶውስ ኤክስፒ የራሱን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ይዞት ኮምፒውተሮች ያለማቋረጥ ሪስታርት አድርገዋል፣ ኔትወርክም አጥተዋል። ከ2024ቱ ጥፋት በኋላ ማይክሮሶፍት የጸጥታ ሶፍትዌሮች ከከርነል ውጭ ሆነው የሚሠሩበትን መንገድ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአጋር ድርጅቶች ለሙከራ ማቅረብ ጀምሯል። ጥሩ ነው። የእኛ ላብ ጋ እስኪደርስ ግን ሁላችንም ተመርቀን እንወጣለን።

ለጋሼም ልሟገትላቸው። አንድ ሰው ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ብዙ ነው፣ ወረፋው በር ድረስ ነው። ፎርማት ስታደርግ ቢያንስ ለዛሬ ይሠራል። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ሳላደርግ አልቀርም። ስለዚህ ጥፋቱን እሳቸው ላይ መደፍደፍ አልፈልግም። እንዲያውም ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ። 3 ዓመት ስለ ከርነል፣ ስለ ኢንተራፕት፣ ስለ ቨርቹዋል ሚሞሪ ለፈተና ሸምድደን፣ አጠገባችን ያለው ማሽን ሲወድቅ ወንበር ቀይረን እንቀመጣለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በላቡ ማሽኖች ሁሉ ክራሽ ሲያደርጉ ራሱን ሪስታርት የሚያደርገው ምርጫ ይጥፋ፤ ስክሪኑ ቆሞ ይነበብ። ፔጅ ፋይሉም ሲ ድራይቭ ላይ ይኑር፤ እሱ ከሌለ ደምፑ የሚጻፍበት ቦታ ያጣል። ከዚያ በየኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፦ ቀን፣ የስህተት ኮድ፣ የወጣ የፋይል ስም ካለ፣ ከዚያ በፊት አዲስ ምን እንደተጫነ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ፎርማት የግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚኒደምፑ ፎልደርና ዴስክቶፑ ይገልበጥ፣ አንድ ወረቀትም በዋዜማው ስክሪኑ ላይ ይለጠፍ። የፎርማት ፍላሹም ይከለስ፤ አንድ አንቲቫይረስ ይበቃል፣ ድራይቨሩም ከአምራቹ የወረደ ይሁን እንጂ ከየትም የተለቃቀመ አይሁን።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየዓመቱ የሚሰጠው የላብ አሳይመንት ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። ለምን የራሳችን ማሽኖች ደምፕ አይሆንም? ድራይቨር ቬሪፋየርንም መማር ይቻላል፤ ድራይቨሮችን አጥብቆ ፈትኖ ጥፋተኛውን ሆን ብሎ እንዲወድቅ የሚያደርግ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ይህን ግን ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ማሽኑ መነሳት ሊያቅተው ይችላልና ሴፍ ሞድ ገብቶ ማጥፋትን ቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ በዊንዶውስ 10 እና 11 የድሮው ኤፍ8 እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ ሺፍትን ተጭኖ ሪስታርት ማለት ነው።

ልጅቷ ምዕራፉን ከትዝታዋና ከመጠይቅ ወረቀቶቿ ላይ እንደገና በ13 ቀን ጻፈችው፣ አስረከበችም። የ5ቱ ደምፕ ፋይሎች ኮፒ እኔ ጋ አለ። መክፈት የሚፈልግ ወይም የራሱን ላፕቶፕ ክራሽ ይዞ መምጣት የሚፈልግ ካለ አርብ ከሰዓት በኋላ ላብ ውስጥ ያገኘኛል። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል።