በጥንቃቄ ስም የተነፈገ መድኃኒት

«ይህ ለሕፃን አይሰጥም» ሲባል የሚከራከር ወላጅ ብዙ የለም። እኔም ለመከራከር አልተነሳሁም፤ ጥያቄ ግን አለኝ። የተከለከለው ጉዳቱ ተጠንቶ ነው ወይስ ተፈርቶ? በሁለቱ መካከል የልጅ ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል የፀረ ባክቴሪያው መድኃኒት የዶክሲሳይክሊን ታሪክ ያሳያል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእውነተኛ ጉዳት ነው። የዶክሲሳይክሊንን ቀዳሚ ዘመድ ቴትራሳይክሊንን የወሰዱ ሕፃናት ጥርሳቸው ቢጫና ቡናማ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ መድኃኒቱ ከካልሲየም ጋር እየተጣበቀ በማደግ ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይቀራልና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስጠንቀቂያ ወጣ። ማስጠንቀቂያው ግን የመድኃኒቱን ዘመዶች በሙሉ በጅምላ ያካተተ ነበር። በኋላ የመጣው ዶክሲሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ያለው ቁርኝት ከቀዳሚው የላላ ቢሆንም፣ በታላቅ ወንድሙ ጥፋት አብሮ ተቀጣ።

የቅጣቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ልጆች ናቸው። መዥገር የሚያስተላልፈው «የሮኪ ተራሮች ነጠብጣብ ትኩሳት» የሚባል ሕመም አለ። ባክቴሪያው የደም ሥሮችን ግድግዳ ያጠቃል። መጀመሪያ ላይ ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ስለሚታይ ከጉንፋን ጋር ይምታታል፤ ሽፍታው ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። በሽታውን በአግባቡ የሚያክመው ዶክሲሳይክሊን ሲሆን፣ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ካልተሰጠ የሞት አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከአዋቂዎች 5 እጥፍ ይበልጣል። ሐኪሞች ምን መድኃኒት እንደሚመርጡ በ2012 ሲጠየቁ፣ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሕመምተኛ 80 በመቶው ዶክሲሳይክሊንን መረጡ። ከ8 ዓመት በታች ላለው ልጅ የመረጡት ግን 35 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ፍርሃቱን የፈታው በ2015 የታተመ ቀላል ጥናት ነው። የነጠብጣብ ትኩሳት ወረርሽኝ ባለበት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መኖሪያ ውስጥ፣ ከ8 ዓመታቸው በፊት ዶክሲሳይክሊን የወሰዱ 58 ልጆች መድኃኒቱን ካልወሰዱ 213 ልጆች ጋር ተነጻጸሩ። የጥርስ ሐኪሞቹ ማን እንደወሰደ ሳይነገራቸው መረመሩ። በዶክሲሳይክሊን የበለዘ አንድም ጥርስ አላገኙም። በ2018 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መድኃኒቱ በማንኛውም ዕድሜ እስከ 21 ቀን ሊሰጥ እንደሚችል አስታወቀ። ከማስጠንቀቂያው እስከዚያ ጥናት 45 ዓመት አልፏል። ለመልሱ የሚያስፈልገው ግን የልጆችን ጥርስ በጥንቃቄ ማየት ነበር! ይህ ያስቆጨኛል።

ሌላው በመዥገር የሚተላለፍ ሕመም፣ የላይም በሽታ፣ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በ1975 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ላይም በተባለች ከተማ አካባቢ ልጆቻቸው ጉልበታቸው እያበጠ የተቸገሩ እናቶች «ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም» ብለው ጮኹ። ጉዳዩን ያጠኑት ሐኪሙ አለን ስቲርና ባልደረቦቹ ከመዘገቧቸው 51 ሕሙማን 39ኙ ልጆች ነበሩ። በሽታው የታወቀው በልጆች ሆኖ ሳለ፣ መዥገር ከነከሰ በኋላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን በሽታውን እንደሚከላከል ያረጋገጠው የ2001 ጥናት ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አላካተተም። ዛሬ ትንንሾቹ በኪሎ ተሰልቶ የሚሰጣቸው በትልልቆቹ ውጤት ላይ ተመርኩዞ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ወገኖቻችን በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ልጆች ስለሚያሳድጉ ነው። አገር ቤት መዥገር የከብት ጠላት ነው፤ እዚያ ግን ከሣር ሜዳ ተነሥቶ ልጅ ላይ ይጣበቃል። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ይዘው ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ፣ የሐኪሙ ጭንቀት ላይም ነው ወይስ በሌላ ባክቴሪያ የመጣ መግል የሚለው ነው። የመጀመሪያው በሚዋጥ መድኃኒት በ28 ቀን ይታከማል፤ ሁለተኛው አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ይሻል። የላይም የደም ምርመራ ውጤት ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሁለቱን ቶሎ ለመለየት «ፔዲ ላይም ኔት» የተባለው የሕፃናት ሆስፒታሎች ጥምረት ከልጆች ናሙና እየሰበሰበ ያጠናል።

እንዲህ ያለ ጥናት ፈቃድ ሲጠየቅ «ልጄን መሞከሪያ አላደርግም» የሚል ወላጅ ስጋቱ ይገባኛል። ሳይጠይቅ ይፈርም አልልም። አደጋው ምንድን ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? በፈለግሁ ጊዜ ማቋረጥ እችላለሁ? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ካላረካው እምቢ ማለት መብቱ ነው። ነገር ግን የሌሎች ሕሙማን ፈቃድ ለእኛም እንደጠቀመን አይርሳ። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በአንድ መጠን ዶክሲሳይክሊን እንደሚድኑ ያሳየው፣ በ1974 የታተመው ጥናት የተሠራው በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ ነው።

ልጅ ያልተካተተበት ጥናት ልጅን ከአደጋ አያርቅም። አደጋውን ከተመራማሪ ክትትል አውጥቶ፣ ሌሊት ብቻውን በግምት ወደሚያዝ ሐኪም ያሸጋግረዋል እንጂ። ስለዚህ ሐኪሞቻችን «ለልጅ አይሆንም» ሲሉ ማስረጃውን ይንገሩን። ማስረጃ ከሌለም የሚቀጥለው ሥራ ክልከላውን ማጥበቅ ሳይሆን ማጥናት ይሁን።